የሳክ ዘር ማንዘር

ቂም የምትይዝ ሰው አትመስልም ይሉኛል። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው ፊት አልቆጣም፣ በሬ እንኳ ስመታ ማንም አላየኝም። እውነት ነው። ግን አንድ ቂም ይዣለሁ። የሱን ነገር ልጽፈው ነው የተቀመጥኩት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌ ቢንቀራፈፍ አንባቢ ይታገሰኝ።

ከወሎ ወደ አሶሳ የመጣነው በድርቁ ዘመን፣ በሰፈራ ነው። በመኪና ጭነው አምጥተው ቀርከሃ ጫካ አጠገብ አወረዱን። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ቤቶቹ በመስመር የተሠሩ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለነበሩ በመጀመሪያው ሰሞን ከእርሻ ስንመለስ የሰው ቤት እየገባን፣ "ኧረ ይቅርታ" እያልን እንወጣ ነበር። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ምስጡ ያስቀመጡትን ሁሉ ይበላል። ከሁሉ የከፋው ግን ወባው ነው። እኛ ደጋ የኖርን ሰዎች ወባን በወሬ እንጂ በአካል አናውቃትም ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ልጄን ወሰደችብኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሁለት ቀን ስትንቀጠቀጥ ሰነበተችና በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ "እማዬ፣ ብርዱ ተወኝ" አለች። ደስ አለን። እናቷ ገንፎ ልታገነፋላት ውሃ ጣደች። ገንፎው ሳይደርስ አረፈች።

የምንገንዝበት ጨርቅ አልነበረንም፤ የለበስነው ሁሉ የነተበ ነው። ከመንደሩ ዳር የቀርከሃ ምንጣፍ እያመጣ የሚሸጥልን አንድ የበርታ ሰው ነበር። እንዴት እንደሰማ አላውቅም፣ ነጭ አቡጀዲ በብብቱ ይዞ መጣ። "ልጅህ ሞተ አሉኝ። ይኼ ከፈን ነው። ውሰድ" አለኝ። አማርኛው እንዲያ ነበር፤ ሴቷንም ወንዱንም "ሞተ" ይል ነበር። በዚያ ጨርቅ ገንዘን ቀበርናት። እግዜር ይስጠው።

በአገሬ ልጅ የሞተበት አባት ማቅ ይለብሳል። ማቅ ከጠጉር የሚሠራ፣ ሻካራ፣ ገላን የሚበላ ልብስ ነው። እስከ አርባው ድረስ አይወልቅም። እዚያ ቆላ ውስጥ የበግ ጠጉር ከየት ይምጣ? የእርዳታ ስንዴ የመጣበትን ባዶ ጆንያ ወሰድኩ። ለአንገቴና ለሁለት ክንዴ ቀዳዳ አወጣሁለትና አጠለቅኩት። ቃጫው ትከሻዬን ሲፈገፍገኝ፣ "አዎ፣ ይሄ ነው" አልኩ። ልጅ የቀበሩ ሌሎች አባቶችም እኔን አይተው እንዲያው አደረጉ። ጥቂት ቆይቶ በጋራው እርሻ ላይ ጆንያ የለበስን ሰዎች በረከትን።

የመንደሩ የበላይ አንድ ካድሬ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ንጹሕ ካኪ የሚለብስ፣ ንግግር የሚችል ሰው ነው። በየስብሰባው፣ "እኔ የላብ አደር ልጅ ነኝ፣ ያደግሁት በፋብሪካ ጭስ ውስጥ ነው" ይለን ነበር። እህል የሚያድለን እሱ፣ ከመንደር ለመውጣት የይለፍ ወረቀት የሚሰጠን እሱ፣ ፊደል የሚያስተምረንም እሱ ነው።

ልጄ በሞተች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ጠዋት ለስብሰባ የምንጠራበት የመኪና ቸርኬ ተደወለ፤ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ካድሬው ከመሃል ጠርቶ አቆመኝ።

"ይሄ የለበስከው ምንድን ነው?"

"ማቅ ነው ጓድ። ልጄ አርፋብኝ ነው።"

"ማቅ!" አለና ወደ ሕዝቡ ዞረ። "ጓዶች፣ ይሄ ሳክ ነው የሚባለው። ሳክ! እንግሊዝኛ ነው። ፈረንጅ በፋብሪካ የሠራው የእህል መያዣ ነው። ዕቃውም ስሙም ለቅሶ የሚባል ነገር አያውቅም።" መልሶ ወደኔ ዞረ። "አንተ እህል ነህ?"

ዝም አልኩ።

"ንገረና! ስንዴ ነህ በቆሎ?"

አንዳንዱ ሳቀ። አልፈርድባቸውም፤ የሚበሉትን የሚሰፍርላቸው እሱ ነው።

"አውልቅ።"

"ጓድ፣ አርባዋ እስኪወጣ ድረስ ቢፈቅዱልኝ..."

ሰንጢ ከኪሱ አወጣ። ከአንገቴ ጀምሮ እስከ እምብርቴ ቀደደው፤ ጎትቶም መሬት ላይ ጣለው። በሕዝብ ፊት፣ በአማቶቼ ፊት ራቁት ደረቴን ቆምኩ። ሚስቴ ከሴቶቹ መሃል ወጣችና ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ አለበሰችኝ። እሷ ደግሞ በሐዘን የተላጨ ራሷ ለፀሐይ ተጋልጦ ቀረ። ሌሎቹ አባቶች ሳይጠሩ በየቆሙበት አወለቁ።

እንግዶቹ ቀትር ላይ መጡ፣ መንደሩን አይተው አመስግነው ሄዱ።

መጥረቢያ ነበረኝ። ምንጠራ የምንመነጥርበት፣ እጀታውን እኔው የጠረብኩት ጥሩ መጥረቢያ ነው። ስለሱ ያላሰብኩ እንዳይመስላችሁ። ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ይህ ሰው ያደረገውን ያውቃል ወይ? የፋብሪካ ልጅ ሆኖ፣ ማቅ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቀድዶት ከሆነ፣ ጅል ነው፣ እተወዋለሁ። አውቆ ከሆነ ግን አልተወውም። እንደዚህ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ቀጥሎ ደግሞ ያ ንግግሩ እንደ እሾህ ተሰንቅሮብኝ ቀረ፤ ስሙ ለቅሶ አያውቅም ያለው። የማን ስም ነው? ከየት መጣ? እኔ አባቶቼን እስከ ሰባት ቤት የምቆጥር ሰው ነኝ። ሳክ የተባለው ቃልም አባት ይኖረዋል አልኩ።

ከእኛ ጋር ከወሎ የመጡ አንድ የዜማ መምህር ጎረቤቴ ነበሩ። የኔታ እንላቸዋለን። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ ከእርሻ ሥራ ቀርተው በረንዳቸው ላይ ገመድ ይገምዱ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"የኔታ፣ ሳክ የሚባል ቃል ያውቃሉ?"

"እኔ እንግሊዝኛ ከየት አባቴ አውቄ!"

"ጆንያ ማለት ነው አሉ።"

ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "ሳክ... ሳክ... ሠቅ ይሆን እንዴ? በግእዝ ሠቅ ማለት ማቅ ነው። ጎህ ሲቀድ ከምደግመው ጸሎት ውስጥ አለ። ሐዘንተኛው ማቁን አውልቆ ደስታ ስለ መልበሱ የሚናገር ነው።"

"ፈረንጆቹ ከእኛ ሰርቀውት ነዋ!"

"ወይ እኛ ከነሱ። ወይ ሁለታችንም ከሌላ ጎረቤት ተበድረን። የማላውቀውን አልፈርድም ልጄ፤ አንተም አትቸኩል።"

አልቸኮልኩም። የበርታው ምንጣፍ ሻጭ ቁርኣን የቀራ ሰው ስለሆነ እሱንም ጠየቅኩት። "በዐረብኛ ሸዋል ነው። ሳክ የለም" አለኝ። በዚያ በኩል መንገዱ ተዘጋ። ቀጥሎ አየት አደረገኝና፣ "አንተ ጆንያ ለበስክ። አሁን ጆንያ ትጠይቃለህ። ነገ ጆንያ ታገባለህ፣ ይቺ ሚስትህ ምን ይሆናል?" አለ። ሚስቴ ልጃችን ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ክረምቱ ወጥቶ በጋ ሲገባ ወባዋ ወደ ሚስቴ ዞረች። ካድሬው የይለፍ ወረቀት ጻፈልኝ፤ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ፊቴን አላየም። አሶሳ ሆስፒታል አስተኛኋት። በዚያው ከተማ አንድ የወለጋ ልጅ የሆነ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር፤ አንድ ጊዜ መሠረተ ትምህርታችንን ሊቆጣጠር መጥቶ አውቀዋለሁ። ሰው ጠይቄ ቤቱ ሄድኩ። ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የተማሪ ደብተር ያርማል።

"አባባ፣ ደህና ነዎት? የመድኃኒት ነገር ቸገርዎት እንዴ?"

"መድኃኒቱስ ተገኝቷል። የአንድ ቃል ዘር ቸግሮኝ ነው።"

ሊስቅ አለና ተወው። ነገሩን ስነግረው ገብቶ እንደ ጡብ የወፈረ መዝገበ ቃላት ይዞ ወጣ። "ይሄኛው ጥሩ ነው፣ ከየቃሉ ግርጌ አያት ቅድመ አያቱን ይጽፋል" አለኝ። በጣቱ እየተከተለ ያነብልኝ ጀመር።

"እንግሊዞች ሳክ የሚሉት የጥንት ቃላቸው ነው። እነሱ ደግሞ ከላቲን ወሰዱት። ላቲኖቹ ሳኩስ ይሉታል።"

"ላቲኖቹስ ከማን?"

"ከግሪክ። ግሪኮቹ ሳኮስ ይላሉ።"

"ግሪኮቹስ?"

"ቆይ አባባ፣ እየደረስን ነው። ግሪኮቹ ከሴም ነገድ ነጋዴዎች የወሰዱት ይመስላል ይላል። በባሕር ዳርቻ ይነግዱ ከነበሩት። ጨርቁ በመርከብ ሲሄድ ስሙም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ያቆማል። ግእዝ የዚያ ቤተሰብ ነው፤ የየኔታዎ ቃል የቅርብ ዘመድ ነው።"

"ትርጉሙስ? መጀመሪያ ምን ማለት ነበር?"

ወረድ ብሎ አነበበ። "ከፍየል ጠጉር የተሠራ ሻካራ ጨርቅ። እህል ይያዝበታል፤ ሐዘንተኛም ይለብሰዋል። እንግሊዞቹ ራሳቸው የሐዘን ልብስ የሚሉት በዚሁ ቃል ነው አባባ። እስከ ዛሬ።"

"አሁን የነገርከኝን እንደገና በለው።" ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፤ በጣቴ እየቆጠርኩ ያዝኩት። ሳክ ከሳኩስ፣ ሳኩስ ከሳኮስ፣ ሳኮስ ከባሕር ነጋዴዎቹ፤ የነሱ ዘመድ ሠቅ። ሚስቴ ተሽሏት ወደ መንደር ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እሱን ስቆጥር መጣሁ። ስሙ ለቅሶ አያውቅም ያለው ሰው ውሸታም ሆነ። በልቤ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለኝ፤ ደስታ ልበለው እንዴ?

ለየኔታ ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፤

"አንተ ግን የምትፈልገው የቃሉን ዘር ብቻ ነው?"

"የለም። እሱ ሰውዬ ያውቅ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።"

"ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልደከመም። ፊደል ሲያስተምራችሁ ከዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ። አንዱ ንባብ ሲሰብርበት በእግሩ መሬት ይመታል። የፋብሪካ ልጅ እንደዚያ አይመታም። ያ የቆሎ ተማሪ እግር ነው።"

ደነገጥኩ። "ካህን ቤት ነው የተማረው ይሉኛል?"

"እኔ ምን አውቄ፤ ራሱ ይንገርህ። ስማኝ። በተማሪ ቤት አንዱ እየደገመ ቢጠፋበት አጠገቡ ያለው ይቀበለዋል። ተጀምሮ የተንጠለጠለ ጸሎት ነውር ነው። በልጅነቱ ሲቀበል የኖረ አፍ፣ ሰው ሲሰናከል ዝም ማለት አይሆንለትም። ያን ሠቅ ያለበትን ጸሎት ላስጠናህ። በሰው ፊት ጀምረው፤ መጨረሻው ላይ ጥቂት ቃል ሲቀርህ ተወው።"

"ቢያሳስረኝስ?"

"ያሳስርህ ይሆናል። ካስፈራህ ቅር።"

አልቀረሁም። ማሽላ ስቆርጥ እያነበነብኩ አጠናሁት። ሚስቴ፣ "ምነው፣ በዚህ ዕድሜህ ልትቀስስ ነው?" ትለኛለች። ምን እንደማደርግ አልነገርኳትም። ብታውቅ ትከለክለኝ ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። ዳስ ተጣለ። ከአሶሳ የመጣ አንድ የካድሬው አለቃ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ካድሬው ቆሞ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ወጥቶ ከመማሪያው አንድ አንቀጽ ያነባል፣ ይጨበጨብለታል፣ ወረቀቱን ይቀበላል። ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ። ስለ ጉድጓድ ውሃ ንጽሕና የሚናገረውን አንቀጽ አነበብኩ፤ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የተደናቀፍኩት። ተጨበጨበልኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩና አልተቀመጥኩም።

"ጓድ፣ አንድ ነገር ብጨምር?" አልኩ አለቃውን።

"ይጨምሩ አባት" አለ ፈገግ ብሎ። ሽማግሌ ማንበብ መቻሉ ደስ ብሎታል።

"እኚህ አስተማሪያችን ሳክ ስለሚባል የእንግሊዝኛ ቃል አስተምረውን ነበር። ልጄ የሞተች ጊዜ ነው። ሁሉም ያስታውሳል።" ካድሬው የያዘውን ወረቀት ያመቻች ጀመር። "ትምህርቱ ስላልበቃኝ አጥንቼው መጣሁ። ሳክን የወለደው የላቲኑ ሳኩስ ነው። ሳኩስን የግሪኩ ሳኮስ። ሳኮስን የባሕር ነጋዴዎች ወለዱት። የነሱ ዘመድ ደግሞ የእኛው ግእዝ ነው።"

"ጎበዝ!" አለ አለቃው። "እንዴት ነው፣ እዚህ መንደር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ እንዴ?" ሰው ሳቀ። ካድሬውም አብሮ ሳቀ።

"በግእዙ የት እንዳለ ልንገራችሁ" አልኩና ጸሎቱን ጀመርኩ። የኔታ እንዳስጠኑኝ ዝግ ብዬ፣ ቃል በቃል። ሠቅ ከሚለው ላይ ደረስኩ፤ አለፍኩት። እግዜር የሐዘንተኛውን ማቅ ከቀደደለት በኋላ ምን እንዳለበሰው የሚናገረው መጨረሻ ብቻ ሲቀር አፌን ዘጋሁ። እንደ ጠፋበት ሰው ግንባሬን አሸሁ።

ካድሬውን አየሁት። እግሩ መሬት መታ። አንዴ፣ ሁለቴ። ዓይኑን ከደን አደረገ፤ ቀጥሎ የቀረውን በዜማ ተቀበለኝ። ድምፁ ያምር ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ከሴቶቹ መሃል አንዲት አሮጊት ልማድ ሆኖባት "አሜን" አለች።

ካድሬው ዓይኑን ሲገልጥ የሆነውን ያወቀ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ እያየው ነው። የላብ አደሩ ልጅ፣ የፋብሪካው ጭስ!

"እንግዲያ ያውቁት ነበር" አልኩት። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። "ማቅ ምን እንደሆነ እያወቁ ነው በሰንጢ የቀደዱብኝ።"

አልመለሰም። እኔ ያን ቀን ያልመለስኩትን ያህል አልመለሰም።

አለቃው ፈገግታውን ሰብስቦ ነበር። "ጓድ፣ የቄስ ተማሪ ነበሩ እንዴ? በሕይወት ታሪክዎ ላይ አላየሁትም" አለው። የቀሩት ወረቀቶች በጥድፊያ ታደሉ፤ መፈክሩም ሳይደምቅ ተበተንን። ወደ ቤቴ ስሄድ ሚስቴ ከኋላዬ እየመጣች፣ "አንተ ሰው፣ አንተ ሰው" ትላለች፤ ሌላ ቃል አጣች።

እኔን ያሠረኝ የለም። እሱን ግን ወዲያው ወደ አሶሳ ጠሩት፤ ተመልሶ ሲመጣ ካኪው ላይ የሚያደርገው ዓርማ የለም። ሥራውን ለሌላ አስረክብ ተብሏል። ታሪኩን ደብቆ ነበር አሉ፤ አባቱም አያቱም ካህናት ነበሩ። ዕቃውን ሲሸክፍ በደጁ እያለፍኩ አየሁት። ያለ ጉዳዬ ሁለት ጊዜ አለፍኩ።

ሊሄድ ሲል አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኔታ ናቸው። በትራቸውን አስደግፈው ይግቡ ሳልላቸው ተቀመጡ። እሱ ደጅ ቆሞ ቀረ።

"ልጄ" አሉኝ የኔታ፣ "ይቅርታ ሊጠይቅህ መጥቷል። ስማው።"

"ይናገር።"

ከደጁ ሆኖ ተናገረ። ያን ቀን እንግዶቹ ሲመጡ ጆንያ የለበሰ ሕዝብ ቢያዩ፣ ልብስ አላደለም ተብሎ እንደሚጠየቅ ፈርቶ ነበር። ሐዘን ነው ብሎ እንዳያስረዳ ደግሞ፣ አንተ ይህን ከየት አወቅህ እንዳይባል ፈራ። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር። "አባቴ ሲሞት እናቴ ማቅ ለብሳለች። እኔው ነኝ ያለበስኳት። ይማሩኝ" አለ።

አዳምጬ ጨረስኩ። ሚስቴ ጀርባዋን ሰጥታን እንጨት ትሰባብራለች።

"ይቅር በለው" አሉኝ የኔታ።

"የኔታ፣ ወጥመዱን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

"እውነቱን እንድታውቅ ብዬ ነው። አወቅህ። አሁን ይቅር በለው፣ ግዴታህ ነው።"

"ሳያውቅ ቢሆን እተወዋለሁ ብዬ ነበር። ቃሌ ነው። አውቆ ከሆነ ደግሞ አልተወውም ብያለሁ። እሱም ቃሌ ነው።" ከዚያ ወደ ደጁ ዞርኩ። "ውሃ ከጠማህ ቅል ውስጥ አለ፤ ጠጣ። መንገድህ ረጅም ነው። ሌላ የምሰጥህ የለኝም።"

ውሃውን አልጠጣም። ትንሽ ቆሞ ሄደ። በጭነት መኪና ወደ ባምባሲ ሲያልፍ ያዩት አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማሁም። ሞቶም ሊሆን ይችላል። ሞቶ ከሆነ ልጆቹ ማቅ ለብሰውለት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ማንም አይቅደድባቸው ብዬ ግን አልመኝም፣ አልጸልይም።

የኔታ ተቆጥተውኝ እስከ ፋሲካ ሰላምታ ነሱኝ። በኋላ፣ ካህንም ናቸውና፣ ንስሐ ሰጡኝ፤ ጾሙን ጨመሩብኝ፣ ስግደቱንም በዛ አደረጉት። ጾምኩ። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። ስጨርስ፣ "እሺ፣ አሁንስ ይቅር አልከው?" አሉኝ።

"አላልኩትም የኔታ። ሌላ ስግደት ካለ ይጨምሩልኝ" አልኳቸው።